ጨው እስኪታሸግ

ደረቅ ቤት የገባ ሰው መጀመሪያ የሚማረው መተንፈስ ነው። በአፍንጫ ወደ ውስጥ፣ በልጓሙ ወደ ውጭ። ልጓም የሚሉት አፍና አፍንጫ ላይ የሚገጠመውን ጭንብል ነው፤ ከሥሩ የተቀጠለው ቱቦ ትንፋሹን እየመጠጠ ከግድግዳው ማዶ በረሃው ላይ ይተፋዋል። ላብ በልብሱ ውስጥ ታፍኖ ይቀራል፣ ምራቅ ይዋጣል፣ ሳቅ በልክ ይሳቃል። ዓይን ብቻ ክፍት ነው። ዓይን ላይ መስታወት ቢደረግ ጉም ይይዛል፣ ጉም ደግሞ እጅ ያሳስታል። ስለዚህ ቤቱን ያቀዱት ሰዎች ዓይኑን ክፍት ትተው፣ ሰውየው እንዳያለቅስ ማድረጉን መረጡ።

አይናዲስ ከሎጊያ ወዲያ፣ ጠፍ በረሃ መሃል ባለው በዚህ ቤት ብዙ ዙር ሠርታለች። ዙር ማለት ብረቱ ከሚገባበት ቀን አንስቶ ጨው ታሽጎ እስኪወጣ ያለው ጊዜ ነው። በመሃል ሰው አይወጣም። ከንፈሯ እንደ ተሰነጣጠቀ ሸክላ ሆኗል፤ ዓይኗም ማንባት ካቆመ ቆይቷል። ይህ የእሷ ብቻ አይደለም። ዙር ጨርሶ ወደ አገሩ ለሚሄድ ሠራተኛ ሁሉ ክሊኒኩ አንዳንድ ብልቃጥ የእንባ ጠብታ ያድላል፤ ለቅሶ ቤት ደረቅ ዓይን ይዞ መግባት ስለሚያሳማ። አይናዲስ ባለፈው እረፍቷ የጎረቤት ለቅሶ ላይ ከመግባቷ በፊት አጥር ጥግ ቆማ ጠብ ጠብ አድርጋ ነበር። ማንም አላወቀባትም። እንዲያውም አንዲት ሴት ከኋላዋ «አይ አንጀት!» ስትል ሰምታለች።

ጨው ይሉታል እንጂ ወጥ ውስጥ የሚገባ አይደለም። ዲስፕሮሲየም የሚባል ብርማ ብረት ይፋቅና ፍቅፋቂው በረጅም የኳርትዝ ቱቦ አንድ ጫፍ ይደረጋል፤ በሌላው ጫፍ ጥቁር አዮዲን። አየሩ ተመጥጦ ይወጣና የቱቦው አፍ በእሳት ቀልጦ ይደፈናል። ከዚያ ብረቱ ያለበት ጫፍ ፍም እስኪመስል ይነድበታል፤ አዮዲኑ ያለበት ግን ለብ ብቻ ይላል። ሐምራዊ ጭስ ከጥቁሩ ተነስቶ ቱቦውን እየዳበሰ ወደ ብረቱ ይሄዳል፣ ብረቱም ይጠጣዋል። እዚህ ላይ መቸኮል የለም። አዮዲኑን ቶሎ ያሞቀ ሰው ጭሱ ይበዛበትና ቱቦው ፊቱ ላይ ይፈነዳል። ጭሱ ሁሉ ተጠጥቶ ቱቦው ሲጠራ፣ የተገኘው ጨው አየር በሌለበት ዕቃ ውስጥ ዳግመኛ ይነድበታል፤ ንጹሑ ይተንና ቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ እንደ ውርጭ ይጋገራል፣ ቆሻሻው ከሥር ጠቁሮ ይቀራል። ውርጩን እየፋቁ መሰብሰብ የአይናዲስ ሥራ ነው። አረንጓዴ ያዘለ ቢጫ ነው፤ ቅጠል ቅጠል እያለ ይነሳል።

ጠባዩ አንድ ነው፤ ውኃ ይወዳል። ከየትም ይምጣ፣ ከማንም ይምጣ፣ ካገኘ ይጠጣል። መጀመሪያ ይለሰልሳል፣ ቀጥሎ ይረጥባል፣ ኋላ ጭራሽ ይፈስሳል። ቢያደርቁት አይመለስም፤ እሳት ሲነካው አዮዲኑን ለቆ አመድ የመሰለ ነገር ይሆናል። እንዲህ ያለው ጨው አምፖል ውስጥ ቢገባ አምፖሉ መብራቱን ይበራል፤ ቀን ግን አይሆንም።

ቀን የሚሉትም የአምፖሉን ብርሃን ነው። ፀሐይን የሚጋርደው የሰማይ መጋረጃ ከተዘረጋ ወዲህ የደጋው ሰማይ የአጓት ቀለም እንደያዘ ቀርቷል። ምድርን ያቀዘቅዛል ተብሎ ነበር፤ አቀዘቀዘ። አሁን ገብሱም ባቄላውም ሰውም ቀኑን የሚያገኘው ምሰሶ ላይ ከተሰቀለ አምፖል ነው። ጠዋት «ቀን በራ» ይባላል፣ ማታ «ቀን ጠፋ»። የዚህኛው ዙር ጨው ለወረኢሉና ለዙሪያው ነበር፤ ለአይናዲስ አገር።

ከዓመታት በፊት አንድ የእቶን ሠራተኛ በዙር መሃል የወንድሙን ሞት ሰማ። ያፈተለከው ከማን እንደሆነ አልታወቀም። ሰውየው አልጮኸም፤ ግድግዳ ተደግፎ አለቀሰ እንጂ። የአየሩን እርጥበት የሚለኩት የጠል መርፌዎች በየክፍሉ ብድግ ብድግ አሉ። ጨው ትሪ ላይ ነበር። ሌላ ለመሥራት ጊዜ ስላልነበረ በዚያው አምፖል ተሞላ፣ በዚያ ዓመትም አንድ ወረዳ ሙሉ ሐምራዊ ቀን በራለት። ገብሱ ቁመት አወጣ እንጂ ፍሬ አልያዘም። የሰው ፊት የበሰበሰ ስለሚመስል ሰዎች ቀና ብለው መተያየት ተዉ ይባላል፤ ክረምቱ ሳይወጣ ወረዳው ባዶ ሆነ።

ከዚያ ወዲህ በዙር መሃል መርዶ የለም። ቤተሰብ የሞተበትን ለደረቅ ቤቱ ያሳውቃል፣ ቤቱ ይይዘዋል። ጨው ታሽጎ በወጣ ማግስት፣ ጎህ ሲቀድ፣ ለዚሁ ተብለው የተቀጠሩ ሽማግሌዎች ጋቢ ለብሰው በመኝታ ክፍሎቹ ኮሪደር ይመጣሉ። የሚያረዱት ሰው በር ላይ ሲደርሱ ይቆማሉ። «እኛው በደንቡ ቤታችን እናረዳታለን» ላለ ቤተሰብ ብቻ አይቆሙም።

ሕጉን የተቃወመ አልነበረም። የእቶኑ ሠራተኛ ቢራራ፣ ሁሉ ነገር ቀልድ የሆነለት ጎጃሜ፣ አንድ ቀን እንዲህ አለ፦

«ቤታችንስ ብንሆን ይደብቁን የለ እንዴ? አባቴ ሲሞት እኔ ከተማ ነበርኩ። ‹ታሟል፣ ና› ብለው ነው የጠሩኝ። ስደርስ ተዝካሩ ሊወጣ ጠላው ተጠምቋል!»

ሁሉም በልካቸው ሳቁ።

ማታ ማታ የድምፅ ሰዓት አለ። እያንዳንዱ በመኝታው ግድግዳ ላይ ባለው፣ ወንፊት በሚሉት ድምፅ ማጉያ በኩል ከቤቱ ሰው ጋር ያወራል። ሰውየው ቢሞትም ድምፁ አይቋረጥም፤ ማሽን አስመስሎ ይቀጥለዋል። ይህ ሲቀጠሩ የፈረሙበት ነው፤ ግን አንሥቶ የሚያወራው የለም። ድምፁ ሲጠየቅ ይመልሳል፣ ይቆጣል፣ ይስቃል፣ የጎረቤት ሐሜት ያወራል። «የቤት ሰው ሁሉ ደህና?» ሲሉት «ደህና፣ ሁሉም ደህና» ይላል። ሕያዉም ቢሆን የሚለው ይህንኑ ነው።

አይናዲስ ሁለት ድምፅ ነበራት። አንዱ የባሏ የጌጡ ነው፤ በየጊዜው የሚቀልድ፣ ስለ በጎቹ የሚያማርር ሰው። ሌላው የአንድ ልጇ የሶልያና። ሶልያና ነፍሰ ጡር ናት፤ አይናዲስ ስትለያት ሆዷ ገፍቶ ነበር። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ አስወርዷት ደም ፈሷት ተርፋለች። ሐኪሟ ሦስተኛውን ፈርታለት ነበር።

«እስካሁን ምንም የለም?» ትላለች አይናዲስ በየማታው።

«ገና ነው እማዬ። ሐኪሟ ትንሽ ይቀረዋል ብላለች።»

«እግርሽስ? እብጠቱ?»

«ቀንሷል። አንቺ ብቻ ራስሽን ጠብቂ።»

መጀመሪያ ይህ መልስ ያረካት ነበር። ቀኑ እየሄደ፣ «ገና ነው» እየተደገመ ሲመጣ ግን ከወንፊቱ ፊት ተቀምጣ ድምፁን እንደ ጨው መመርመር ጀመረች። ድሮ የሆነ ነገር ትጠይቃለች፤ ድምፁ ያውቀዋል። ሆን ብላ ትነካካለች፤ ድምፁ ሶልያና እንደምትቆጣው ይቆጣል፣ ሶልያና እንደምትታረቀው ይታረቃል። አንድ ማታ ዝም ብላ ቁጭ አለች። ድምፁም ዝም አለ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ «እማዬ፣ አለሽ?» አለ። አይናዲስ ከወንፊቱ ራቅ ብላ ተቀመጠች።

ጌጡ ደግሞ ያጽናናት ነበር። «ሴቶች ስትባሉ! ልጅ በቀጠሮ የሚመጣ መሰላችሁ? አንቺ ራስሽ ይቺን ልጅ ስትወልጃት ስንት አስጠበቅሽን፣ ረሳሽው?» ሲል ትስቃለች፤ ሌሊቱን በደህና ትተኛለች።

በዙሩ መሃል አንዲት የእቶን ሠራተኛ ሙቀት መታትና ወደቀች። ያለ እሷ የሚነደው ሁሉ ስለሚቆም በሩ፣ በብዙ ጭቅጭቅ፣ ለአንድ ሰው ተከፈተ። የገባው ያዮ ነው።

ያዮ የዚያው በረሃ ሰው፣ አፋር ነው። በሌሎች ዙሮች አብሯቸው ሠርቷል፤ ከአይናዲስም ጋር ማዕድ ይቀመጥ ነበር። ሁሉም የሚያውቁት በአንድ ነገር ነው፤ የተጠየቀውን ይናገራል። በአፋር ዘንድ ሁለት ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ ቁጭ ይልና ያየውን የሰማውን ሳያጓድል ይነጋገራል፤ ዳጉ ይሉታል። ወሬ መደበቅ ነውር ነው፣ ወሬ ማጣመም ከዚያ የባሰ። በእረፍቱ ደግሞ ያዮ አምፖል ከጫኑ መኪኖች ጋር ወደ ወሎ ደጋ ወጥቶ ነበር። ወረኢሉ የሚራገፍ ጭነት።

ገና ልብሱን እየቀየረ ሳለ ከጣሪያው ማጉያ የቤቱ ኃላፊ ድምፅ መጣ፦ «ያዮን ማንም ሰው የውጭ ወሬ እንዳይጠይቅ። ይህ ማስጠንቀቂያ ነው።»

«ሬዲዮናችን መጣ ስንል ባትሪውን አወጡት!» አለ ቢራራ። «ያዮ፣ እንግዲህ ስለ ግመል እንኳ አታወራ። ግመልም ውኃ አላት።»

ያዮ ፈገግ አላለም። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሁሉንም ሰላም አለና ወደ እቶኑ ሄደ።

በማረፊያ ክፍል፣ ልጓም ወልቆ ደረቅ ቂጣ በሚበላበት ሰዓት፣ አይናዲስ እንደ ድሮው አጠገቧ ቦታ ለቀቀችለት። አያት። ከዚያ ሳህኑን ይዞ ወዲያኛው ጥግ ሄደና ጀርባውን ሰጥቷት ተቀመጠ።

በማግስቱም እንዲሁ። በሦስተኛውም። ከሌሎቹ ጋር ሥራ ሥራውን ያወራል፤ እሷ ስትገባ ይነሳል። ዓይኗን አያይም። አንድ ጊዜ ኮሪደር ላይ ፊት ለፊት ተገጣጠሙ፤ ያዮ ግድግዳውን ተለጥፎ እንደ ዕቃ አሳለፋት።

አይናዲስ ወሎ ተወልዳ አድጋለች። መርዶ ያለበት ቤት ምን እንደሚመስል በልጅነቷ አይታለች፤ ሲገቡ ወሬ የሚያቋርጡ አክስቶች፣ ዓይን የሚሸሹ ጎረቤቶች፣ ያለ ምክንያት የሚሰጥ ምግብ። ለመናገር ቀኑ ያልደረሰበት ሰው እንዲህ ነው የሚሆነው። ደግሞም ይህ ሰው ሊዋሽ አይችልም። የማይዋሽ ሰው ሊያደርግ የሚችለው መሸሽ ብቻ ነው።

አንድ ቀን ምሳ ላይ ልቧ አልችል አላትና ሄዳ ከፊቱ ቆመች። ሌሎቹ ማኘክ አቆሙ። የጠል መርፌው ከያዮ ራስ በላይ ግድግዳው ላይ ነበር።

«ያዮ፣ ጀርባህን ሰጠኸኝ እኮ።»

«አውቃለሁ» አለ ቂጣውን እያየ።

«ምን በድዬህ ነው?»

«ምንም።»

«እንግዲያ ቀና በል።»

ቀና አላለም። «ጨው ይታሸግ» አለ። «ያን ጊዜ ጠይቂኝ። ቁጭ ብለን እነግርሻለሁ።»

አይናዲስ መርፌውን አየች። ምንም አልተንቀሳቀሰም። ወደ ቦታዋ ተመልሳ ቂጣዋን ጨረሰች፤ ልጓሟን ገጥማ ወደ ትሪዋ ሄደች። ሶልያና መሞቷን ያወቀችው በዚያች ሰዓት ነው።

ማልቀስ አትችልም ነበር፤ ከቶ እንባውስ ከየት ይመጣል። መጮህ ግን ትችላለች። ጩኸት ትንፋሽ ነው፣ ትንፋሽ ጠል ነው፣ ጠል ደግሞ የወረኢሉን ቀን ሐምራዊ ያደርገዋል። እዚያ ጌጡ አለ። የሶልያና መቃብር አለ። መቃብሯ ላይ ሐምራዊ ቀን እንዲበራ አልፈለገችም። ስለዚህ የሶልያናን ለቅሶ ደረቁን ተቀመጠች።

አልጋዋን ትታ ወለል ላይ ተኛች። ጸጉሯን ቅባት ነሳችው። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ደረበች፤ አብረዋት የሚሠሩት አዩ፣ ምንም አላሉም፣ ብቻ ከፊቷ ዞር አሉላት። ውርጩን እየፋቀች በሐሳቧ እንግዳ ትቀበላለች። የጎረቤቶቿን ፊት አንድ በአንድ ታመጣለች፤ ይገባሉ፣ ይቀመጣሉ፣ «እግዜር ያጽናሽ» ይላሉ፣ ይወጣሉ። የሶልያናን ልጅነት ታወጣና ታስገባለች። ሙሾ አወጣችላት፤ ከንፈሯ ሳይነቃነቅ። ሠልስት አደረገች። ሰባቱን አወጣች። ቱቦው ውስጥ ሐምራዊው ጭስ እየተንፏቀቀ ወደ ብረቱ ሲሄድ ቆማ ታየዋለች፤ ሲያልቅና ቱቦው ሲጠራ አንድ ቀን ያለፈ ይመስላታል።

ማታ ማታ ከወንፊቱ ፊት ትቀመጣለች። ድምፁ «ገና ነው እማዬ» ይላል።

«እሺ» ትላለች።

«ምነው ዝም አልሽ? አሞሻል?»

«ደህና ነኝ። ሁሉም ደህና ነው።»

አንዳንዴ ድምፁ የሚያለቅስ ይመስላት ነበር። ያኔ በጣም ትቀዘቅዛለች። እንዴት አድርገው ሠሩት፣ ትላለች፣ አፍንጫ መሳቡ ሳይቀር። ቶሎ ትሰናበተውና ጌጡን ትጠራለች። ጌጡ ስለ በጎቹ ያማርራል። እሱም ያውቃል፣ ትላለች በልቧ፤ እኔ እንዳልሰማ ብሎ ይህን ሁሉ ይችላል። አንድ ቀን «አይዞህ ጌጡ፣ በርታ» አለችው።

«እኔ ምን ሆንኩና?» አለ እየሳቀ። «አንቺ በርቺ እንጂ!»

የዚያ ዙር ጨው ቤቱ ከተሠራ ወዲህ ከታየው ሁሉ የጠራ ሆነ። ከማጥሪያው ዕቃ ሥር የቀረው ጥቁር ቆሻሻ ጣት እንኳ የሚያጠቁር አልነበረም። መርፌዎቹ እንደ ሞተ ሰዓት ቀጥ ብለው ከረሙ። ኃላፊው ከጣሪያው «ይህ ክፍል ምሳሌ ነው» አለ። ቢራራ እንኳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አይናዲስ፣ መርፌውን አስተኛሽው እኮ» አላት፤ እንደ ቀልድ ጀምሮት ቀልድ ሳይሆንለት ቀረ።

ጨው በአምፖል አምፖሉ ተሞላ። የኳርትዙ አንገት በእሳት ቀልጦ ታሸገ። አንዱን ለሙከራ አበሩት፤ ነጭ፣ የጠራ፣ ጥላው ጥርት ያለ ቀን ሆነ። ሠራተኞቹ ብርሃኑ ውስጥ እጃቸውን እያገላበጡ አዩ። አይናዲስ አላየችም። ሄዳ ወለሏ ላይ ተቀመጠችና ጎህ እስኪቀድ ጠበቀች።

ሽማግሌዎቹ መጡ። በኮሪደሩ ጫማቸው እኩል ይሰማል፤ ሰው ሁሉ በየበሩ ውስጥ ትንፋሹን ይዟል። የሆነ በር ላይ ቆሙ። ማንኳኳት፣ ዝቅ ያለ ድምፅ፣ ከዚያ የወንድ ሲቃ። ቀጠሉ። አይናዲስ ተነስታ በሩ ኋላ ቆመች፣ እጇን መዝጊያው ላይ አድርጋ። ጫማው ቀረበ። ደረሰ። አለፈ።

በሩን ከፍታ ወጣች። «አባቶች! ረሳችሁኝ።»

ሦስቱም ዞሩ። አለቃቸው የሆኑት፣ ነጭ ሪዝ ያላቸው ሰው፣ አዘቅዝቃ የለበሰችውን ነጠላ አዩና ግራ ገባቸው።

«ምን አልሽ ልጄ?»

«ልጄን አርዱኝ። አውቄያለሁ። ጨርሻለሁ፤ አልጮህባችሁም።»

«ከኛ ዘንድ ያንቺ የለም።»

«ቤተሰቤ ነው የያዘው?»

«ከኛ ዘንድ የለም፣ ልጄ» አሉ እንደገና፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም። ወደሚቀጥለው በር ሄዱ።

ያዮን ያገኘችው ግቢው ውስጥ ነው። ትልቁ በር ተከፍቶ ሰው ሁሉ አየር ይስባል። እሱ ከአጥሩ ጥግ አሸዋው ላይ ተቀምጧል። ስትመጣ አልተነሳም። በእጁ ፊት ለፊቱ ያለውን አሸዋ ደልድሎ ቦታ ሰጣት። ተቀመጠች።

«ታሽጓል» አለች። «ጠየቅኩህ።»

«እሺ።»

«ልጄ እንዴት ሞተች?»

ያዮ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን አየ። «የትኛዋ ልጅሽ?»

«አታሹፍብኝ። ወረኢሉ ሄደህ የለ?»

«ወረኢሉ አልደረስኩም። ከኮምቦልቻ ነው የተመለስኩት።» እንደ ደንቡ ከመጀመሪያው ጀመረ፤ መኪኖቹ ስንት ሆነው እንደተነሱ፣ ባቲ ላይ ማንን እንዳገኘ፣ ኮምቦልቻ ላይ ስልኩ እንዴት እንደጮኸ። «ልጄ ሁመድ የአሞሌ መኪና ነጂ ነበር። ተገለበጠበት። ስደርስ ቀብረውታል። ሰው ሁሉ ድንኳን ውስጥ ነበር። ከዚያ እናንተ ጠራችሁኝ፤ ያለ አንድ ሰው የሚነደው ሁሉ ይቆማል አላችሁኝ። ወሬው ይኸው ነው። የጨመርኩት የለም፣ የቀነስኩትም የለም።»

«ታዲያ ለምን ጀርባህን ሰጠኸኝ?»

«ካንቺ ጋር ከተቀመጥኩ ትጠይቂኛለሽ። ሌሎቹ ይፈራሉ፣ አንቺ ትጠይቂኛለሽ። ከተጠየቅኩ እናገራለሁ። ከተናገርኩ አለቅሳለሁ። ጨው ያንቺ አገር ጨው ነው።»

«እኔ እኮ የኔን የያዝክ መስሎኝ...»

«ያንቺን ማን ነገረሽ?»

«ዝምታህ።»

«እኛ ዘንድ ዝም ያለ ሰው የራሱ ነገር አለበት።»

«እኛ ዘንድ ደግሞ የሰው ነገር ይዟል ማለት ነው» አለች አይናዲስ።

ያዮ አዘቅዝቃ የለበሰችውን ነጠላ አየ። ቅባት ሳያይ የከረመ ጸጉሯን አየ። ገባው። አንገቱን ነቀነቀ፤ ከዚያ እጁን ፊቱ ላይ ጭኖ አለቀሰ። ዓይኑ ከእሷ ዓይን ያነሰ ዙር ስለሠራ እንባ ነበረው። አይናዲስ አጠገቡ ተጠግታ ተቀመጠች። ስለ ሁመድ ጠየቀችው፤ ምን ይወድ እንደነበረ፣ ማንን እንደሚመስል። ያዮ ሁሉንም ነገራት። ልጇ በሕይወት ልትኖር እንደምትችል እያወቀች እስኪጨርስ ጠበቀችው። አቋርጦ መነሳት አልሆነላትም።

ስልካቸው ሲመለስላቸው የአይናዲስ ወዲያው ጮኸ። ከወንፊቱ ድምፅ የተለየ፣ የተንሻፈፈ፣ ነፋስና ዕቃ የሚንኳኳበት ድምፅ ነበር።

«እማዬ! ወጣሽ? በእግዚአብሔር ወጣሽ?»

ከኋላዋ ሕፃን ያለቅሳል።

«ሶልያና?»

«ወለድኩ እማዬ! ሴት ናት! ከወለድኩማ ቆየሁ፤ ደስታም ጠል አለው ብለው እንዳልነግርሽ ከለከሉኝ። ‹ገና ነው› በይ አሉኝ። ማታ ማታ እሷን አቅፌ ነው የማወራሽ፤ አንዳንዴ አልችል ይለኝና አለቅሳለሁ፣ አንቺ ደግሞ ቶሎ ትሰናበቺኛለሽ! ለምንድን ነው እንደዚያ የምትሸሺኝ የነበረው?»

አይናዲስ አሸዋው ላይ ተንበረከከች። ስልኩን በሁለት እጇ ያዘች። ሕፃኗ ስትጮህ፣ ሶልያና «እሹሩሩ» ስትላት፣ የሆነ ክዳን ሲወድቅ ሰማች። ይህን ማንም ሊሠራው አይችልም። የቀበረቻት ልጅ ከነሙሉ ጉልበቷ እየተነጫነጨች ከወረኢሉ ታወራታለች። ሳቀች፤ ያለ ልክ፣ ማንም ሳይለካባት። ያዮም ከእንባው መሃል ቀና ብሎ አያት።

«ስሚኝ ልጄ» አለች ሳቋ ሲበርድ። «ከዛሬ ጀምሮ በእኔና ባንቺ መሃል እንደ አፋር ነው። የሆነውን ሁሉ ንገሪኝ። ያየሽውን፣ የሰማሽውን፣ መልካሙንም ክፉውንም። አንድ ነገር እንዳትደብቂኝ።»

ሕፃኗ ጡት ሳትይዝ አልቀረችም፣ ጸጥ አለች። ነፋሱ ብቻ ይሰማል።

«ሶልያና?»

«እማዬ...» አለች ሶልያና። ድምፅዋ ደክሞ፣ ዝቅ ብሎ ነበር። «ቤት ስትደርሺ ነበር እኮ በደንቡ ሊነግሩሽ ያሰቡት። የአባዬን መርዶ ማን ነገረሽ?»